አምስተኛው አይመከትም

ሰኞ 4

ይህ ደብተር የታናሽ ወንድሜ ነው። ከፊት ያሉት አሥራ አንድ ገጾች በእሱ ጽሕፈት ተሞልተዋል፤ የካራቴ ቃላት ከነትርጉማቸው፣ በሁለት ቀለም። ለጥቁር ቀበቶ ፈተና መቅረብ የሚፈልግ ሰው ቃላቱን አስቀድሞ በገዛ እጁ መጻፍ አለበት፤ የክለባችን ደንብ ነው። ትናንት የተኛበት የዓይን ክሊኒክ ስሄድ ከትራሱ ሥር መዝዞ ሰጠኝ። «ማንበብ ከልክለውኛል፤ አንተ ዘንድ ይቀመጥ» አለኝ። እኔ ደግሞ ይኸው ከኋላ ጀምሬ እጽፍበታለሁ። ለሰው የማልነግረውን አንድ ቦታ ማስቀመጥ ስላለብኝ ይሆናል።

የሆነው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ዕለት ጥንድ ጥንድ ሆነን በቦ እንለማመድ ነበር። ቦ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ዱላ ነው። አንዱ አምስት ጊዜ ይሰነዝራል፤ ሌላው አራቱን ይመክታል። አምስተኛው ወደ ፊት የሚሰነዘር ውግታ ነው፤ እሱ አይመከትም። ተቀባዩ እጁን አውርዶ፣ ዓይኑን ገልጦ ዝም ብሎ ይቆማል። ሰንዛሪው ከፊቱ አንድ ጣት ሲቀረው ያቆማል። መምህራችንን ሴንሴ ነው የምንላቸው፤ «አራቱ ክንድ ይሠራሉ፣ አምስተኛው ሰው ይሠራል» ይላሉ።

እኔ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አቁሜያለሁ። በክለቡ የሚጠሩኝ «ፍሬን» እያሉ ነው፤ እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቅ እዚያ የለም። ቅዳሜ ግን ዱላው አልቆመም። የወንድሜን ቀኝ ዓይን አገኘው። እጄ አልቦት ነበር። ቀኑ ሞቃት ነበር፤ ዱላውም ያንሸራትት ነበር።

እሱ ገና ከወለሉ ሳይነሳ፣ «እኔ ነኝ፣ ወደ ፊት ተራምጄ ነው» አለ። ለሴንሴም፣ ለሐኪሟም፣ ለእማዬም ያለው ይህንኑ ነው።

ምናልባት ተራምዶም ይሆናል።

ማክሰኞ 5

ሥራ። ስድስት የበር ክፈፍ። ሁለቱን አሳጥሬ ቆረጥኳቸው። የወርክሾፑ ባለቤት «ሐሳብህ የት ነው?» አሉኝ። መጋዙ አጠገብ አለመሆኑን እሳቸውም አውቀዋል።

ሐሙስ 7

ሐኪሟ አነጋገሩን። ዓይኑ ውስጥ ደም ሞልቷል፤ እስኪጠራ ድረስ ከኋላው ያለው ምን እንደሆነ ማየት አይቻልም። ጭንቅላቱን ከፍ አድርጎ ይተኛ። አያጎንብስ፣ ከባድ ነገር አያንሳ፣ አይሳቅ። ከሁሉ ለእሱ የሚከብደው አለመሳቁ ነው።

እማዬ «ያያል ወይ?» ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ «እንጠብቅ» አሉ። ደረጃውን እስክንወርድ ድረስ፣ «አሁን ይኼ አዎ ነው አይ ነው?» እያለች ክንዴን ትጎትተኝ ነበር። ወንድሜን ማሙሽ ነው የምትለው እስከ ዛሬ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፣ የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ አለው፣ ለእሷ ግን ማሙሽ ነው። እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ «አንተ ትልቁ» ነው የምትለኝ።

ቅዳሜ 9

ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። አዳራሻችን ከጎማ ጥገናው ጀርባ ነው፤ ሁልጊዜ ጎማ ጎማ ይሸታል። ደሙ የታጠበባት የወለል ሳንቃ ከሌሎቹ ነጥታ ትታያለች። ሁሉም እየዞራት ነው የሚያልፈው።

ተንበርክከን ተሰለፍን። «ሞኩሶ» ተባለ፤ ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ማለት ነው። ስንገልጥ ሴንሴ ወደ እኔ እያዩ ነበር። የማተሚያ ቤት ጡረተኛ ናቸው፤ ማሽን እየጮኸባቸው ስላረጁ ምሥጢር እንኳ የሚናገሩት በጩኸት ነው። «ፈታኙ ከየክለቡ የሚያዩት አንድ ሰው ብቻ ነው። ወንድምህ ስለማይችል አንተ ትቀርባለህ። በሚቀጥለው ወር፣ ቅዳሜ 14» አሉኝ። «ኦስ» ብዬ ጎንበስ አልኩ፤ እሺ፣ ታዝዣለሁ ማለት ነው።

ከዚያ ስለ አምስተኛው ተናገሩ። «ተቀባይ ሆኖ መራመድ ማለት፣ ጓደኛዬን ማመን አቃተኝ ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩት ልጅ ይህን በማድረጉ አዝኛለሁ» አሉ። ሃያ ሰው ሰምቷል። እኔም ሰምቻለሁ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ልገባ ስል ከእኛ ጋር የሚለማመደው ፀጉር አስተካካይ ሲናገር ደረስኩ። «የፍሬን ፍሬን የተበጠሰው በደህና ቀን ነው» አለ። አንዱ ሳቀ። ሲያዩኝ ሁለቱም የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ። «ቀልድ ነው እኮ» አለኝ ፀጉር አስተካካዩ። እኔም ሳቅኩለት። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

እሑድ 10፣ ማታ

ቀኑን ሙሉ እሱ ዘንድ ነበርኩ። ግራ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ቃላቱን ይጠይቀኛል።

«ያሜ?»

«አቁም።»

«ሃጂሜ?»

«ጀምር። የሕፃን ጥያቄ ነው የምትጠይቀኝ።»

«እሺ ትልቁ ሰውዬ። ማኣይ?»

«በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ርቀት።»

«ዛንሺን?»

«ከመታህ በኋላም ልብህን ሳትጥል መቆየት።»

«ሱንዶሜ?»

ይህን ቃል ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በመጀመሪያው ሳምንት ነው የተማርኩት። መልሱ አፌ ላይ ነበር፣ አልወጣ አለኝ። ውኃ ጠጣሁ። እሱ ራሱ መለሰው፤ «ቆዳው ላይ ሳይደርስ ማቆም።» ቀጥሎም፣ «ይኼን ካልመለስክላቸው ይጥሉሃል፣ ወንድምዬ» አለኝ። በድምፁ ውስጥ ምንም ነገር አልነበረም። እኔ ግን ደጋግሜ አስቤዋለሁ።

ከዚያ ወደ መሣሪያዎቹ ገባን። ቦ ዱላ ነው። ሳይ ሦስት ጣት ያለው አጭር ብረት ነው፤ የሚሰነዘርን ነገር ጣቶቹ መካከል ይይዛል። ቶንፋ በጎኑ እጀታ ያለው እንጨት ነው፤ የወፍጮ እጀታ ነበር ይባላል። ካማ ማጭድ ነው። ኑንቻኩ በገመድ የተያያዙ ሁለት እንጨቶች። ብዙዎቹ የገበሬ ዕቃ ነበሩ ይባላል፤ ወታደሮች ጎራዴያቸውን ሲነጥቋቸው የቀረላቸውን ያነሱ ሰዎች ናቸው እያሉ ሴንሴ ይነግሩናል። ወንድሜ «ገበሬ ከተቆጣማ አያድርስ ነው» አለና ሳቀ። ወዲያው በሁለት እጁ ፋሻውን ያዘ። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ፣ የማደርገው ግን አልነበረኝም።

ስለ ቅዳሜ አልጠየቀኝም። እኔም አላነሳሁም።

ረቡዕ 13

ሥራ፣ ክሊኒክ፣ አዳራሽ። እግሬ ዝሏል።

ከዚያ ቀን ወዲህ የማልሰማው የዓይን ነገር የለም። የወርክሾፑ ባለቤት «እንቅልፍ በዓይንህ አልዞረም እንዴ?» አሉኝ። አንዲት ደንበኛ የሠራሁትን በር አይታ «ዓይኔን ጣልኩበት» አለች። የጎረቤታችን ሴት ልጇን «የዓይኔ ብሌን» እያለች ትጠራዋለች። ሰው እንዲህ ብዙ ጊዜ ዓይን ዓይን ይል ነበር?

ዓርብ 15

እማዬ ዛሬ ፈነዳች። ብርቱካን ይዘንለት ሄደን ነበር። ገና እንደተቀመጠች ጀመረችው።

«አንተ ልጅ፣ ቁም ሲሉህ የማትቆመው ከሕፃንነትህ ጀምሮ ነው! ሰው ዓይኑ እያየ ዱላ ላይ ይሄዳል? አሁን ምን ይሁን ብለህ ነው? ወንድምህን ተመልከተው፣ በአንተ ጦስ ከስቶ እንጨት ሆኗል። በቁሙ ጸጸት እየበላው ነው፣ ምንም ባላጠፋ!»

«ልክ ነሽ እማዬ» አላት።

«ልክ ነሽ አትበለኝ! ይቅርታ ጠይቀው!»

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ይቅርታ ወንድምዬ» አለኝ።

ብርቱካን እየላጥኩ ነበር። መላጤን አላቆምኩም። «ምንም አይደል» አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት፤ ምንም አይደል። ሆድ ይፍጀው ይባላል፤ የእኔ ሆድ አልፈጀውም፣ እዚያው ተቀምጧል።

አሁን ብነግራት ምን ይጠቅማታል? ደሙ ይጥራና፣ ዓይኑ ይዳንና፣ ያን ጊዜ ቁጭ አድርጌ እነግራታለሁ። ከዳነ በኋላ ሁሉም ነገር ይቀላል።

ሰኞ 18

ሴንሴ ያንን ዱላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። «አዲስ ዱላ ሥራ» አሉኝ። የክለቡን ዱላዎች በሙሉ የሠራኋቸው እኔ ነኝ፤ ያንንም ጭምር።

ጉጥ የሌለው እንጨት መረጥኩ። መጀመሪያ አራት ማዕዘን ይሆናል፣ ከዚያ ማዕዘኖቹ ተልገው ስምንት፣ ከዚያ አሥራ ስድስት፣ ከዚያ መላጊያው ማዕዘን እስኪያጣ ድረስ። ወደ ጫፎቹ እየቀጠነ ይሄዳል። በመጨረሻ የብርጭቆ ወረቀትና ዘይት። ይህን ስሠራ ሁሌ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ጫፉን ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈተግኩት፤ እንደ እንቁላል እስኪለሰልስ። የወርክሾፑ ባለቤት መጥተው «የመጥረጊያ እንጨት ነው?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው።

እጄ አልቦት ነበር ብዬ ጽፌያለሁ። አሁን ደህና አድርጌ ሳስበው ወለሉ ነው። እዚያ ጋ ያለችው ሳንቃ ትነሳለች። እግሬን አደናቅፋኝ ይሆናል።

ሐሙስ 21

ወንድሜ ወደ ቤት መጣ። ፋሻው ቀጭን ሆኗል። ደሙ ገና አልጠራም።

ምሳ ላይ ውኃ ልቅዳ ብሎ ማንቆርቆሪያውን አነሳ። ከብርጭቆው አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ ቀዳው። በአንድ ዓይን ሲሆን ቅርብና ሩቅ ይጠፋል ብለውን ነበር። እማዬ ጨርቅ ይዛ ተነሳች። እሱ እንደገና ሞከረ፤ አሁን የማንቆርቆሪያውን አፍ ብርጭቆው ከንፈር ላይ አስነክቶ፣ ቀስ ብሎ። «አያችሁ፣ ዘዴ አለው» አለን። እንጀራ ልቁረስ ብዬ ያነሳሁት እጄ መሶቡ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

እሑድ 24

የወንድሜ የሥራ ደንብ ልብስ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። የከተማው አውቶቡስ ድርጅት ሹፌር አድርጎ ቀጥሮታል፤ ሥራ የሚጀምረው በሚቀጥለው ወር በ2 ነው። እማዬ ዛሬም ተኮሰችው። ትናንትም ተኩሳው ነበር። «ሰው ሲድን ልብሱ ዝግጁ ይሁን» አለች።

ያን ቀን የአዳራሹ መብራትም ደካማ ነበር፤ ከሦስቱ አምፖሎች አንዱ ከተቃጠለ ቆይቷል። ለሴንሴ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ።

ማክሰኞ 26

ደሙ ጠራ። ቀኝ ዓይኑ አያይም። ከኋላው ያለው ስስ ነገር ተቀዷል፤ ቢያዩት የሚሰፋ አላገኙም። ሐኪሟ ቀስ እያሉ ነው የነገሩን፣ እያንዳንዱን ቃል እያስቀመጡ። «ከእንግዲህ ሥራችን ግራውን መጠበቅ ነው» አሉ።

እማዬ አላለቀሰችም። ወንበሯን ወደ ሐኪሟ አስጠግታ፣ «የእኔን መስጠት ይቻላል?» አለች። ሐኪሟ እጇን ያዙ። «አይቻልም፣ እናቴ።» «እኔ እኮ ከእንግዲህ የማየው ብዙ ነገር የለኝም» አለች።

ወንድሜ «እማዬ፣ አንቺ በሁለቱም መነጽርሽን ፈልገሽ አታገኚም፤ በአንዱማ እኛንም ትጥይናለሽ» አላት። ሳቀች። ከሳቁ ውስጥ ልቅሶው ወጣ። እኔ መስኮቱ ጋ ሄጄ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

ቅዳሜ 30

ከልምምድ በኋላ ቤት መግባት አቃተኝ፤ ወርክሾፕ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ሰው የለም። ጣውላና እኔ ነን።

ላብ አልነበረም። ያቺ ሳንቃ ትነሳለች፣ እኔ ግን እሷ ላይ አልቆምኩም ነበር። አምፖሉ የተቃጠለው በሌላው ጥግ ነው። ወንድሜም አልተራመደም። እግሩን አይቼዋለሁ፣ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ያን ዕለት፣ ከልምምዱ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ ሴንሴ ለፈተና የሚቀርበውን ሰው ስም አነበቡ። የእሱን ስም። እኔ አሥራ አራት ዓመት፣ እሱ ዘጠኝ። አዳራሹን የምጠርገው እኔ፣ ዱላውን የምሠራው እኔ፣ እሱን በእጁ ይዤ ያመጣሁት እኔ። አቀፍኩት። «ደስ ብሎኛል» አልኩት፣ ከአንገት በላይ። ሴንሴ «ሁለቱ ወንድማማቾች መሃል ላይ ውጡና አሳዩን» አሉ።

አራቱን አጠንክሬ ሰነዘርኩ። መከታቸው። አምስተኛው ላይ እጁን አውርዶ ቆመ። በክለቡ ሁሉም የሚያውቀው ነገር አለ፤ ወንድሜ ዓይኑን አያርገበግብም። ሁላችንም ትንሽ ትንሽ እንርገበገባለን፣ ሴንሴም ጭምር። እሱ አይርገበገብም። ሴንሴ ለምን እሱን እንደመረጡ ሲያስረዱም ያሉት ይህንኑ ነበር። እኔም አንድ ጊዜ እንዲርገበገብ ፈለግኩ። ሰው ሁሉ እያየ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

ዱላ የሚቆመው በኋላ እጅ ነው፤ ጨብጠህ ወደ ወገብህ ትስበዋለህ። እኔ መቼ እንደምጨብጥ አውቃለሁ፤ ተኝቼም አውቀዋለሁ። አዘገየሁት። አንድ ጣት የነበረው ግማሽ ጣት ይሁን ብዬ ነው ያዘገየሁት። እንዲታወር አልፈለግኩም፣ እግዜር ያውቃል። እንዲፈራኝ ግን ፈልጌ ነበር።

አልፈራኝም። ታላቅ ወንድሙ እንደሚያቆም ስለሚያውቅ ዓይኑን ገልጦ ጠበቀኝ።

ፀጉር አስተካካዩ «በደህና ቀን ነው» ያለው ያን ጊዜውኑ ገብቶኝ ነበር።

ሰኞ 2

የደንብ ልብሱን መለስን። አጣጥፎ በወረቀት የጠቀለለው ራሱ ነው። የቢሮው ሰውዬ ደግ ናቸው፤ ደንቡን ሦስት ጊዜ አነበቡልን፣ ሦስተኛው ላይ የሚቀየር ይመስል። ሰው የሚጭን ሹፌር ሁለት ዓይን ያስፈልገዋል። «በመጋዘን በኩል ቦታ ከተገኘ እንጠራሃለን» አሉት። አመሰገናቸው።

ስንመለስ መንገዱን ልንሻገር ስንል፣ ሳይናገር ቀኝ እጁን ክንዴ ላይ አደረገ። በቀኝ በኩል የሚመጣውን አያይም። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ስለ መኪናው ብዛት አወራሁለት።

ሐሙስ 5

ከፀጉር አስተካካዩ ጋር አምስተኛውን እንድሠራ ታዘዝኩ። ከፊቱ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆምኩ። «ሩቅ ነው!» ሴንሴ ጮሁ። ደገምኩት፤ ያው አንድ ክንድ። ሦስተኛው ላይ ዱላው ከእጄ ወደቀ። አጠገቤ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ ለማድረግ ሞከሩ፤ ሁሉም ሰማ እንጂ። «እጅህ ፈርቷል። ስማኝ ልጄ፣ ወንድምህ ባጠፋው አንተ አትቀጣ።»

«ኦስ» አልኩ።

እሑድ 8

ነገርኳት።

አክስታችን፣ የእማዬ ታናሽ፣ ልትጠይቅ መጥታ ነበር። ወንድሜ ጎዳናውን በአንድ ዓይን ልልመድ ብሎ ወጥቷል። እማዬ ሻይ እየቀዳች የምትናገረውን ትናገር ጀመር። «ማን ላይ እፈርዳለሁ? ራሱ ነው ዱላው ላይ የሄደው። ይኸው ይኼኛው ምስኪን ደግሞ እህል አይቀምስም...» በማንኪያው ወደ እኔ እየጠቆመች።

«አልተራመደም» አልኩ።

«ምን?»

«ማሙሽ አልተራመደም እማዬ። ከቦታው አልተነቃነቀም። እኔ ነኝ ማቆም የነበረብኝ፣ አላቆምኩም። ተናድጄ ነበር። ላስደነግጠው ብዬ ነው።»

አክስቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ቦርሳዋን አንስታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እኔ ልሂድ» ብላ ወጣች። ማንም አልሸኛትም።

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። ትጮህብኛለች፣ በጥፊ ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ እንድትመታኝም ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ «አንድ ልጄ ነበር የተጎዳብኝ። አሁን ሁለቱንም አጣሁ» አለች። ቀጥላም፣ «ይቅርታ ጠይቀው አልኩት እኮ። እኔው ራሴ በአፌ» አለች። ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ማንኪያው እጇ ላይ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ሰማሁ እንጂ፣ ሲጠራ እንዲህ ያለ ቤት እንደሚያሳይ ማንም አልነገረኝም።

ሰኞ 9

እማዬ ከክፍሏ አልወጣችም። ወንድሜ ገብቶ ከእሷ ጋር ቆየ። ያወራሉ፣ ድምፃቸው አይሰማም። ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ። የማንቆርቆሪያውን አፍ ብርጭቆው ላይ አስነክቶ ውኃ ቀዳላትና ተመልሶ ገባ።

ረቡዕ 11

ልምምድ ሳይጀመር ለሴንሴ ነገርኳቸው። ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። አላቋረጡኝም፣ እሳቸው ሳያቋርጡ መስማት የሚችሉ ሰው አይመስሉኝም ነበር። ስጨርስ ስለ እኔ አልተናገሩም። «እኔ በሃያ ሰው ፊት ስሙን አጠፋሁ» ብቻ አሉ። ኮታቸውን ለበሱ። «ወንድምህ ቤት አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

ከኋላቸው ተከተልኩ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸው ይታመማል። ቤታችን ሲገቡ ወንድሜ ወንበር ሊያቀርብ ተነሳ። እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው፣ ሳሎኑ መሃል ተንበርክከው፣ ግንባራቸው ምንጣፉን እስኪነካ ሰገዱለት። «የማታውቀውን ነገር ስለ አንተ ተናግሬያለሁ። ተቀባዩ ፈራ ብያለሁ። አልፈራህም። ይቅር በለኝ ልጄ» አሉት።

ወንድሜ «ኧረ ሴንሴ! ኧረ ይነሱ፣ ጉልበትዎ!» እያለ በብብታቸው ይዞ ሊያነሳቸው ይታገላል። እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ ከእማዬ ኋላ።

ክለባችን ዘንድሮ ለፈተና ሰው አያቀርብም። ሴንሴ እውነቱን አዳራሹ ውስጥ ለሁሉም ነግረዋቸዋል። እኔ እንዳልመጣ አልከለከሉኝም፤ ና ብለውም አልጠሩኝም።

ቅዳሜ 14

ፈተናው ዛሬ ነበር። ጠዋት ያለ ልማዴ አርፍጄ ተነሳሁ። እማዬ ቁርስ አቅርባልኛለች፤ ብላ ግን አላለችኝም።

ወንድሜ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጧል። በግራው በኩል ያለው በርጩማ ላይ፣ ሊያየኝ በሚችልበት በኩል፣ ተቀመጥኩ። ከጎማ ጥገናው ሰዎች አንዱ በብስክሌት አለፈ፣ ሰላም አለን።

«ለእማዬ ነገርካት» አለ።

«አዎ።»

«ለሴንሴም ነገርካቸው። አክስቴም ሰምታለች። ፀጉር ቤቱም ያውቃል፣ ትናንት ስላጭ ሰውዬው ሂሳብ አልቀበልም አለኝ።»

«አዎ።»

«እኔ ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ ተቀምጬ እየጠበቅኩህ ነው። ለእኔ መቼ ነው የምትነግረኝ?»

«ታውቀዋለህ ብዬ...» አልኩ።

«አውቀዋለሁ። ያን ቀን ፊት ለፊትህ የቆምኩት እኔ ነኝ እኮ። ተራመድኩ ያልኩት ለእማዬ ብዬ ነው፤ ሁለታችንንም በአንድ ቀን እንዳታጣ። አንተ መጥተህ እስክትናገር ድረስ ብዬ ነው እንጂ፣ ለዘላለም ብዬ አልነበረም።»

ስለዚህ ነገርኩት። ከመጀመሪያው፤ ስሙ ሲነበብ ምን እንደተሰማኝ፣ ሳቅፈው ምን እያሰብኩ እንደነበር፣ እጄን እንዴት እንዳዘገየሁ፣ ምን ለማየት ብዬ እንዳዘገየሁ። ስለ ላቡ፣ ስለ ሳንቃዋ፣ ስለ አምፖሉም ነገርኩት። ስለ ብርቱካኑም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጎዳናውን እያየ ሰማኝ።

«ጨረስክ?» አለኝ።

«ጨረስኩ። ይቅር በለኝ።»

ፊቱን ወደ እኔ ለማዞር ጭንቅላቱን ሙሉ በሙሉ ማዞር አለበት፤ አዞረው።

«ዛሬ አይሆንልኝም ወንድምዬ» አለኝ። «ይቅር ልልህ ፈልጌ ነበር፣ ጠዋትም እየሞከርኩት ነበር። አልወጣ አለኝ። ሌላ ቀን ጠይቀኝ።»

እሺ አልኩት።